አንድ ጉዳይ በሁለት አገር ችሎት



ድሮ በአገር ቤት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ካለበት ንቅንቅ ማለት አይችልም ነበር። የከሳሽና የተከሳሽ የነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ሁለቱ እንደተቆራኙ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ወደየትኛው ዳኛ ነው የምንሄደው ብሎ የሚከራከር ብዙም አልነበረም፤ ዳኛው የታወቀ ነው፣ መንገዱም አንድ ነው። ዛሬ ግን ባል ጎንደር፣ ሚስት አፉላ፣ ወንድም አዲስ አበባ፣ እኅት ቤር ሼቫ ሆነው ሳለ የማን ነጠላ ከማን ጋር ይቋጠራል? አንዱ እዚያ ይከስሳል፣ ሌላዋ እዚህ ትከስሳለች። ስለ አንድ ቤት፣ ስለ አንድ ውርስ፣ ስለ አንድ ልጅ ቀለብ በሁለት አገር ሁለት መዝገብ ይከፈታል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው እውነቱ ከማን ጋር ነው ብለን ነው። ዳኞች ግን ከዚያ አስቀድመው ጉዳዩ መታየት ያለበት የት ነው ይላሉ። ይህችን ጥያቄ ቀላል አድርገው ያለፉ ሰዎች ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አጥተዋል። ስለዚህ ዛሬ የሌላ አገር ሰዎችን ታሪክ እናጫውታችሁና ከዚያ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመጣለን። ዓመተ ምሕረቱ እዚህ አገር የሚሠራበት የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ለይተን እንጠቅሰዋለን።

በ1984 ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ ሌሊት፣ በሕንድ አገር ቦፓል በምትባል ከተማ የተባይ ማጥፊያ ከሚሠራበት ፋብሪካ መርዘኛ ጋዝ አምልጦ ወጣ። (በእነዚያው ሳምንታት ብዙ ወገኖቻችን ከሱዳን መጠለያዎች በዘመቻ ሙሴ ወደዚህ አገር ይገቡ ስለነበር፣ የቦፓልን ወሬ በጊዜው ባንሰማ አያስደንቅም።) ጋዙ በመጀመሪያ የደረሰባቸው በፋብሪካው ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው የተኙ ድሆች ነበሩ። በኋላ ጉዳዩን ያዩት አሜሪካዊ ዳኛ በውሳኔያቸው እንዳሰፈሩት ከ2,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከ200,000 በላይ ደግሞ ተጎዱ። የሟቾቹ ቁጥር ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ሄዷል።

ፋብሪካው የማን ነበር? በወረቀት ላይ ሲታይ በሕንድ ሕግ የተቋቋመ ዩኒየን ካርባይድ ኢንዲያ የተባለ ኩባንያ ነው። ነገር ግን ከአክሲዮኑ 50.9 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካው ዩኒየን ካርባይድ ነበር። 22 በመቶው የሕንድ መንግሥት በሚቆጣጠራቸው ድርጅቶች እጅ፣ የቀረው ደግሞ በ23,500 ያህል ሕንዳውያን እጅ ነበር። ነገሩ ለሁለት የተከፈለው እዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ሕንድ ነው፤ ገንዘቡ ያለው አሜሪካ ነው።

አደጋው በደረሰ በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው ክስ አሜሪካ ውስጥ በዌስት ቨርጂኒያ ተከፈተ። የአሜሪካ ጠበቆች በአውሮፕላን ቦፓል እየወረዱ ከተጎጂዎች ውክልና ማስፈረም ያዙ። ከመጀመሪያው ክስ በኋላ ከ140 በላይ ሌሎች ክሶች ተከተሉ፤ በፌብሩዋሪ 1985 ሁሉም ተጠቃልለው ኒው ዮርክ ላይ ዳኛ ጆን ኪናን ፊት ቀረቡ። በዚያው ጊዜ በቦፓል ከተማም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአገራቸው ፍርድ ቤት ከሰው ነበር። ስለ አንድ ሌሊት ጉዳት ሁለት አገር ላይ መዝገብ ተከፍቷል ማለት ነው። የሕንድ መንግሥት ይህን አይቶ በማርች 1985 ሕግ አወጣ፤ ስለ ተጎጂዎቹ የሚቆመው እንደ አባት ሆኖ መንግሥት ብቻ ነው የሚል ሕግ ነው። በኤፕሪልም ራሱ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ ኩባንያውን ከሰሰ።

ኩባንያው ምን መለሰ? አልበደልኩም ከማለቱ በፊት ቦታው እዚህ አይደለም አለ። ጉዳዩ ወደ ሕንድ ይመለስልኝ ብሎ አመለከተ።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ሕግ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። አንድ ዳኛ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ቢኖረውም፣ ለክርክሩ ከእኔ ችሎት ይልቅ የሌላው አገር ችሎት ይስማማል ብሎ ካመነ መዝገቡን ዘግቶ ባለጉዳዮቹን ወደዚያ ማሰናበት ይችላል። ሐሳቡ በ19ኛው መቶ ዓመት በስኮትላንድ ፍርድ ቤቶች የዳበረ ሲሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1947 አጽንቶ ተቀብሎታል። እንግሊዞች ግን ጎረቤታቸው የሠራበትን ሙሉ በሙሉ ለመቀበል እስከ 1980ዎቹ ዓመታት ቆይተዋል። እዚህ በእስራኤል ፍርድ ቤቶችም የሚሠራበት ነው፤ በዕብራይስጥ «ፎሩም ሎ ናኦት» ይሉታል፣ ተስማሚ ያልሆነ ችሎት እንደ ማለት።

ኒው ዮርክ ላይ የተደረገው ክርክር ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የሕንድ መንግሥት ቆሞ የእኛ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ጉዳይ አይበቁም፣ ይዘገያሉ፣ ይህን በሚያህል የጉዳት ክስም ልምድ የላቸውም ብሎ ተከራከረ። ማርክ ጋላንተር የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰርም ይህንኑ መሰከሩለት። የአሜሪካው ኩባንያ ደግሞ የሕንድ ፍርድ ቤት ብቁና የተከበረ ነው ብሎ ናኒ ፓልኪቫላ የተባሉትን ስመ ጥር ሕንዳዊ የሕግ ሊቅ ቃል አቀረበ። የአገሩ መንግሥት የራሱን ዳኞች ሲያጣጥል ባዕዱ ያሞግሳል! የሁለቱም ምክንያት ምን እንደሆነ ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። በአሜሪካ ለአካል ጉዳትና ለሞት የሚፈረደው ካሳ ሕንድ ውስጥ ከሚፈረደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ዳኛ ኪናን ሜይ 12 ቀን 1986 ወሰኑ። የፋብሪካው ሠራተኞችና ኃላፊዎች፣ መዝገቦቹ፣ ተጎጂዎቹና ሐኪሞቻቸው ሁሉ ያሉት ሕንድ ነው፤ ከምስክሮቹ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ ስለማይናገሩ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ችሎት በሕንድ የሚኖርን ምስክር አስገድዶ ማምጣት አይችልም፤ ሕንድም በራሷ ምድር የደረሰውን ጥፋት ራሷ ለመዳኘት ከማንም የበለጠ ምክንያት አላት አሉ። ጉዳዩን እኔ ዘንድ ባስቀረው የሕንድን ዳኞች እንደ መናቅ፣ የቅኝ ገዢዎችን ልማድ እንደ መድገም ይሆናል የሚል ሐሳብም ጨመሩበት። መዝገቡ ተዘጋ፣ ጉዳዩም ወደ ሕንድ ተመለሰ።

ግን እንዲሁ በባዶ አላሰናበቱም። ኩባንያው የሕንድን ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዲቀበል፣ ጊዜው አልፏል የሚል መከላከያ እንዳያነሣ፣ ሕንድ የምትፈርደውን ፍርድ በአግባቡ እስከተሰጠ ድረስ እንዲፈጽም፣ በአሜሪካ ሕግ መሠረትም ማስረጃውን ለባላጋራው እንዲያሳይ አዘዙ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 1987 መመለሱን አጸናና ከእነዚህ ግዴታዎች መካከል ሁለቱን አነሣ፤ የተነሡትም ፍርዱን እፈጽማለሁ የሚለውና በአንድ ወገን ላይ ብቻ የተጫነው የማስረጃ ግዴታ ናቸው። የተነሡት ሁለቱ ከባዶቹ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ክርክሩ እንደ አዲስ የተጀመረው። የሕንድ መንግሥት በሴፕቴምበር 1986 በቦፓል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ የጠየቀው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሕንዶቹ አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል፤ ሳይዘገዩ እግድ ጠየቁ። ኩባንያው ንብረቱን ሸጦ እጁን እንዳያወጣ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ንብረት ሳይነካ እንዲያቆይ ግዴታ ገባ። በዲሴምበር 1987 የቦፓሉ ዳኛ ዋናው ጉዳይ እስኪያልቅ ለተጎጂዎች ጊዜያዊ ርዳታ 3.5 ቢሊዮን ሩፒ ይከፈል ብለው አዘዙ። ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ በኤፕሪል 1988 ወደ 2.5 ቢሊዮን ሩፒ ዝቅ ተደረገ። እንደገና ይግባኝ ተባለ። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 1989 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባለበት መንግሥትና ኩባንያው በ470 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ተጎጂዎቹ እንኳን ሊስማሙ፣ አስቀድሞ የጠየቃቸውም አልነበረም። ከተጎዱት መካከል ለብዙዎቹ የደረሳቸው 25,000 ሩፒ ነበር። የሕንድ መንግሥት ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ገንዘብ አልበቃም፣ ይጨመር ብሎ አመለከተ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማርች 14 ቀን 2023 ጥያቄውን አልተቀበለም።

እኔ እንደሚመስለኝ ዳኛ ኪናን ማስረጃው ያለው ሕንድ ነው ማለታቸው ስሕተት አልነበረም። ነገር ግን የት እንከራከር በሚለው ብቻ ሁለት ዓመት ያህል ሲያልፍ ኩባንያው የሚያጣው ነገር አልነበረም። ሳንባው የተቃጠለበት ሰው ግን ያን ጊዜ ሁሉ የኖረው ያለ ካሳ ነው። ጊዜ ለሁለቱ ወገን እኩል አይደለም።

ሁሉም ችሎት እንዲህ ብሎ አልወሰነም። ኬፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስ የተባለውን ማዕድን ያስወጣ ነበር፤ በአቧራው የታመሙ ከ3,000 በላይ ሰዎች ለንደን ላይ ከሰሱት። ኩባንያው እንደ ልማዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይመለስልኝ አለ። ምስክሮቹም በሽተኞቹም እዚያ ናቸው፤ በቦፓሉ ሚዛን ቢታይ መመለሱ አይቀርም ነበር። የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኞች ግን በጁላይ 2000 ሌላ ነገር ጠየቁ፤ እነዚህ ድሆች ወደ አገራቸው ቢመለሱ ጠበቃ የሚያቆምላቸው አለ ወይ? እንዲህ ያለውን ክስ ለመምራት የሚበቃ ገንዘብም ሆነ የመንግሥት የሕግ ርዳታ እዚያ እንደማይገኝ ስላረጋገጡ ክሱ ለንደን ላይ ይቀጥል ብለው ፈረዱ። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ መከራከር ከባድ ነው ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሚከብድ በማስረጃ ሲቀርብ ግን የሚሰማ ዳኛ አለ።

እስካሁን ያየነው አንዱ ችሎት ለሌላው ሲለቅ ወይም አልለቅም ሲል ነው። ሁለቱም አንለቅም ብለው ሲፋጠጡስ?

ይህ የሆነው በአውሮፕላን ንግድ ነው። ሰር ፍሬዲ ሌከር የተባሉ እንግሊዛዊ በ1977 ከለንደን ኒው ዮርክ በርካሽ ዋጋ ማብረር ጀመሩ። በፌብሩዋሪ 1982 ግን ኩባንያቸው ከሰረ። የከሰረውን ኩባንያ ሒሳብ እንዲያጣራ የተሾመው ሰው ትልልቆቹ አየር መንገዶች ተማክረው ነው የጣሉት በማለት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ዋሽንግተን ላይ ከሰሳቸው፤ የአሜሪካ የንግድ ውድድር ሕግ ለተበደለው የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ያስከፍላልና። የእንግሊዝ አየር መንገዶች ሮጠው የለንደንን ፍርድ ቤት ያንን ክስ እንዲያግድላቸው ጠየቁ። የዋሽንግተኑ ዳኛ ሃሮልድ ግሪን ደግሞ የቀሩት ተከሳሾች ወደ ለንደን ሄደው እንዲህ ያለ እግድ እንዳያመጡ በበኩላቸው አገዱ። አንዱ ችሎት አትክሰስ ይላል፣ ሌላው አታሳግድ ይላል።

ልብ ማለት የሚገባው፣ የአንድ አገር ዳኛ የሌላውን አገር ዳኛ ማዘዝ አይችልም። የሚያዝዘው በእጁ ያለውን ባለጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ እንቢ ካለ ንብረቱ ሊያዝ፣ ራሱም ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ ለአንዱ ቢታዘዝ ሌላውን መድፈር ይሆንበታል። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 1984 የዳኛ ግሪንን እግድ አጸና። በመጨረሻም በጁላይ 1984 ለንደን ላይ ያሉት የበላይ ዳኞች የራሳቸው አገር የይግባኝ ፍርድ ቤት የሰጠውን እግድ አነሡ። አሜሪካ ሄዶ የሚነግድ ሰው የአሜሪካን ሕግ ሊሸሽ አይገባውም፤ ደግሞም ይህ ክስ በእንግሊዝ ሕግ ስለሌለ፣ ከታገደ የሚታይበት ሌላ ቦታ አይኖርም የሚል ነው ምክንያታቸው። ጉዳዩ በ1985 በዕርቅ አለቀ።

የአውሮፓ አገሮች ይህን ሁሉ ጣጣ በአንድ ቃል ነበር ሊቆርጡት የፈለጉት። በ1968 ብራስልስ ላይ በተዋዋሉት ውል መሠረት ሁለተኛ የተከሰሰበት ችሎት መጀመሪያ ለተከሰሰበት ይለቅቃል። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብልጣ ብልጦች ወዲያው መላ አበጁለት። ዕዳ ያለበት ሰው ሊከሰስ መሆኑን ሲያውቅ ቀድሞ ችሎቱ በሚዘገይበት አገር ዕዳ የለብኝም ብሎ ይከስሳል፤ የአበዳሪው ክስም ለዓመታት ይቆማል። ይህ ቀድሞ የመሮጥ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። እዚህ አገር ውስጥ እንኳ ፍቺው በቤት ዲን ሆኖ፣ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች ቤት ዲን ወይስ የቤተሰብ ፍርድ ቤት ይየው በሚለው ባልና ሚስት ሲሽቀዳደሙ እናያለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከላይ የተጠቀሱት ባለሚሊዮኖችና መንግሥታት ናቸው፤ እኛ የምንከራከረው ስለ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ሁለቱ አገሮቻችንም የመለሱት በየራሳቸው መንገድ ነው። የሚገርመው ሁለቱም መልሳቸውን የሰጡት በ1958 መሆኑ ነው፤ እስራኤል በዚህ አገር አቆጣጠር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በራሷ አቆጣጠር፣ ማለትም በ1965።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ8ኛው አንቀጽ፣ በአገር ውስጥ አንድ ጉዳይ አስቀድሞ በአንድ ፍርድ ቤት ተይዞ ከሆነ ሌላው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዳያየው ከልክሏል። ወዲያው ቀጥሎ ግን ክሱ በውጭ አገር ፍርድ ቤት መጀመሩ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት ያንኑ ጉዳይ ከማየት አያግደውም ብሏል። ስለዚህ እናንተ እዚህ ከሳችሁ፣ ዘመድ በአዲስ አበባ ቢከስሳችሁ፣ እኔ እስራኤል ከስሻለሁና አልቀርብም ማለት በዚህ ሕግ መልስ አይሆንም። ተከራካሪ ሳይኖር ሊፈረድባችሁ ይችላል። የሚያዋጣው በውክልና ሰው ማቆም ነው። ውክልናው እዚህ ኖታሪዮን ፊት ይፈረማል፤ ከዚያ እንዴት እንደሚረጋገጥ የኢትዮጵያን ኤምባሲ መጠየቅ ነው።

የእስራኤል የ1958 ሕግ ደግሞ የውጭ አገር ፍርድ እዚህ መቼ ሊፈጸም እንደሚችል የሚናገር ነው። ፍርዱ ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ መሆን አለበት፤ ያ አገርም በበኩሉ የእስራኤልን ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት፤ ከተፈረደም ከአምስት ዓመት በላይ ሊያልፈው አይገባም፤ ፍርድ ቤቱ ልዩ ምክንያት ካላገኘ በስተቀር። ኢትዮጵያም በሕጓ 458ኛ አንቀጽ ላይ ተመሳሳይ ነገር ጽፋለች፤ ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም እንዲሆን፣ ተከሳሹም ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ እንዲሆን ትጠይቃለች። እዚህ ያገኛችሁትን የፍርድ ወረቀት ይዛችሁ ጎንደር ላይ ቤት ልታስለቅቁ አትችሉም። ወረቀቱ መጀመሪያ በዚያ አገር ፍርድ ቤት ይመረመራል።

በእስራኤሉ ሕግ ውስጥ አንዲት አጭር መስመር አለች፤ ብዙ ሰው አያውቃትም። በውጭ አገር ክሱ በቀረበበት ጊዜ፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል ያው ጉዳይ አስቀድሞ በእስራኤል ፍርድ ቤት ወይም በቤት ዲን ተይዞ ከነበረ፣ የውጭው ፍርድ እዚህ ሊፈጸም አይችልም። ተከሳሹ ለመከላከል በቂ ዕድል ሳያገኝ ወይም በማታለል የተገኘ ፍርድም እንዲሁ። ነገር ግን መጥሪያ በእጁ ደርሶት ዝም ያለ ሰው ዕድል አላገኘሁም ቢል ማን ያምነዋል? ከአገር ቤት የመጣ የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፤ በዚያው ሳምንት ለጠበቃ አሳዩት። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት የፍትሕ ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሕግ ርዳታ፣ «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» የሚሉትን ይጠይቅ።

ስለ ሰነድ አንድ ነገር እንጨምር። ኢትዮጵያና እስራኤል ግንኙነታቸውን በ1973 አቋርጠው እስከ 1989 አልቀጠሉትም። በእነዚያ ዓመታት የመጡ ወገኖቻችን አብዛኞቹ በእግር በሱዳን ስለመጡ የጋብቻ ወረቀት፣ የመሬት ወይም የቤት ደብተር ይዘው አልወጡም። ሰነዱ ካለ የሚገኘው በዚያው በአገር ቤት ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን አንዳንዶቹ እዚያ፣ አንዳንዶቹ እዚህ ሆነዋል። የትኛው ችሎት ይስማማል ተብሎ ሲመዘን ይህ ራሱ ሚዛን ላይ ይገባል። ስለዚህ ከመክሰሳችሁ በፊት ምስክሮቻችሁ በየትኛው አገር እንዳሉ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገሩ፣ ንብረቱ የት እንዳለ ለጠበቃው በዝርዝር ንገሩት።

ክስ ስታስገቡም የፍርድ ቤቱ ማኅተምና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ተቀብላችሁ በጥንቃቄ አስቀምጡ። በሁለት አገር የተከፈቱ ሁለት መዝገቦች ሲነጻጸሩ የትኛው እንደቀደመ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው።